ምች ያልነበረው ራስ ምታት

ከዚያ ሌሊት የማስታውሰው ጥቂት ነው። ምድጃው አጠገብ ተቀምጫለሁ፤ ዓይኔ ፊት ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር አለ፤ አማቴ ስሜን ይጠራሉ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ የሰበሰብኩት ከሌሎች አፍ ነው። ከፊሉን ባለቤቴ ነገረኝ፣ ከፊሉን አማቴ እያለቀሱ፣ ከፊሉን ደግሞ ቃሬዛውን የተሸከሙት የሰፈራችን ሰዎች። ሰዓቱና የተሰጠኝ መድኃኒት ጤና ጣቢያው በጻፈው የሪፈር ወረቀት ላይ አለ። በእርግዝና ጊዜ የሚጥለው በሽታ፣ ሐኪሞች ኤክላምፕሲያ የሚሉት፣ የተረፈችውን ሴት እንኳ ሰዓቶቿን ቀምቷት ይሄዳል። ስለዚህ ይህ ምስክርነት ግማሹ የእኔ፣ ግማሹ የእነሱ ነው። እንዲያም ሆኖ መጻፍ ያለበት ይመስለኛል፤ ምክንያቱም እኔን ሊገድለኝ የነበረው ነገር ድንገት የመጣ አልነበረም። ቀድሞ በራስ ምታት፣ በፊት እብጠትና በልብ ሥር ሕመም ተናግሮ ነበር። ሁሉም ሌላ ስም ተሰጠው እንጂ።

የምኖረው ጋሞ ዞን፣ ቦንኬ ደጋ ላይ ነው፤ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ከአርባ ምንጭ ሙቀት ተነስቶ ወደ ገረሴ የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ ሰው አገራችንን ያውቃል፤ ሙዙና ማንጎው ከኋላ ይቀርና እንሰቱ፣ ገብሱ፣ ጉሙ ይጀምራል። ክረምት ሲገባ ዋናው መንገድ እንደ ነገሩ ያሳልፋል፤ ከዋናው ተገንጥሎ ወደ ቀበሌያችን የሚገባው ግን ጭቃ ብቻ ይሆናል። ይህ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ ውስጥ ነው። የመጀመሪያ እርግዝናዬ ነበር፤ ስምንተኛ ወሬን ጨርሼ ነበር። ክትትል አላቋረጥኩም፤ ባለፈው ቀጠሮዬ የደም ግፊቴ ደህና ነው ተብዬ ነበር፤ የሚቀጥለውም ሩቅ አልነበረም። በኋላ እንደተማርኩት ይህ በሽታ ቀጠሮ አይጠብቅም። ከአምስተኛው ወር ወዲህ በማንኛውም ጊዜ ሊነሳ ይችላል፤ የሚበረታው ግን በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነው፤ በሁለት ቀጠሮዎች መሐል ግፊት ከደህና ወደ አደገኛ ሊደርስ ይችላል። የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ሴት ደግሞ የበለጠ ትጋለጣለች።

መጀመሪያ ያበጠው እግሬ ነበር። ድርስ ነፍሰ ጡር እግሯ ማበጡ ለማንም አዲስ አይደለም፤ አመሻሹ ላይ ያብጣል፣ ጠዋት ይጎድላል። የእኔ ጠዋትም አልጎደለም። ቀጥሎ ጣቶቼ አበጡና ቀለበቴ አልወጣ አለ። ከዚያ ፊቴ። ጎረቤቶች ያዩኝ ሁሉ «አማረብሽ፣ ወፈርሽ፣ በሽልም ያውጣሽ» አሉኝ። ከልባቸው ነው፤ በእኛ አገር ለነፍሰ ጡር መወፈር ምርቃት ነው። ከዚያ ከልቤ ሥር፣ ከቀኝ ጎድኔ በታች፣ ጨምድዶ የሚይዝ ሕመም መጣ። ጨጓራ ነው ተባለ።

ራስ ምታቱ ሲጀምረኝ ግን ሁሉም በአንድ ቃል ተስማማ፦ ምች ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ብልጭ ብላ ስለነበር፣ እኔም ከትምህርት ቤት ፈተና አርሜ ስመለስ ያለ ጥላ ስለሄድኩ፣ ምክንያቱ የተገኘ መሰለ። አማቴ ከጓሮ ዳማከሴ ቀጥፈው በመዳፋቸው አሽተው ጭማቂውን በአፍንጫዬም በአፌም ሰጡኝ። በፍቅር የተሰጠ መድኃኒት ነበር፤ እኔ ራሴ በዳማከሴ ያደግኩ ነኝ፤ ወደፊትም ጓሮዬ ውስጥ ይኖራል። ያንን ራስ ምታት ግን የሚፈውስ ቅጠል በምድር ላይ የለም። ያ ሕመም ከፀሐይ የመጣ አልነበረም፤ ከእንግዴ ልጁ የተነሳ ነበር። እንግዴ ልጁ ገና ሲተከል የሚመግቡት የደም ሥሮች እንደሚገባ ካልሰፉ፣ ወራት ቆይቶ ወደ እናትየው ደም የሚለቃቸው ነገሮች የደም ሥሮቿን ያጠባሉ፤ ግፊቷ ይወጣል፣ ኩላሊቷ ፕሮቲን ያፈስሳል፣ ጉበቷ ያብጣል፣ አንጎሏ ይጨነቃል። ጨጓራ የተባለው ጉበቴ ነበር። ብልጭ ብልጭ ይል የነበረውም የዚያው በሽታ ምልክት ነበር።

ባለቤቴ እንደሚለው ከተቀመጥኩበት ወደ ጎን ዘነበልኩ። ዓይኔ ወደ ላይ ተገለበጠ፣ መንጋጋዬ ገጠመ፣ እጅ እግሬ ደረቀ፤ ከዚያ መላ ሰውነቴ ይንዘፈዘፍ ጀመር። አንዱ ክብሪት ጭሮ ሊያሸተኝ ሮጠ። ሌላው በጥርሴ መሐል ማንኪያ ሊያስገባ ሞከረ። በዚህ መሐል የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ደረሰች፤ ቤቷ ከእኛ አይርቅም። «አፏ ውስጥ ምንም አታስገቡ! በጎኗ አስተኟት፣ በግራ ጎኗ!» አለች። ምላሴን እንዳልውጥ የፈሩት ሰዎች በማንኪያ ጥርሴን ሰብረው ወይም አየር ዘግተው ሊገድሉኝ ይችሉ ነበር፤ በጎኔ መተኛቴ ግን ምራቄ ወደ ሳንባዬ እንዳይገባ ጠበቀኝ። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ለወረዳው አምቡላንስ ሹፌር ደወለች። ቁጥሩ ስልኳ ውስጥ ነበር። ይህን ደጋግሜ አስባለሁ፦ ቁጥሩ ስልኳ ውስጥ ነበር።

አምቡላንሱ ጭቃው ላይ መግባት ስለማይችል እስከ ዋናው መንገድ መሸከም ግድ ሆነ። የእድሩ ቃሬዛ መጣ፤ ሁለት የቀርከሃ እንጨት ላይ የተጠለፈ ገመድ፣ በላዩ ብርድ ልብስና ጋቢ። ወንዶቹ አራት አራት ሆነው እየተፈራረቁ ተሸከሙኝ። ባለቤቴ ከራስጌ በኩል እየሄደ ጭንቅላቴ ወደ ጎን መዞሩን በባትሪ ያይ ነበር። ዝናብ ነበር። ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ በዕድሜ የገፉ የሽመና ሰው፣ በኋላ ሲነግሩኝ «ልጄ፣ አንድም ሰው አልተናገረም፤ እግራችንን ብቻ ነበር የምንሰማው» አሉኝ።

ጤና ጣቢያው ስደርስ ግፊቴ 180 በ120 ነበር። ሐኪሞች 140 በ90 ሲደርስ ይጠነቀቃሉ፤ 160 በ110 ካለፈ ወዲያውኑ መድኃኒት ይሰጣሉ። አዋላጅ ነርሷ የሽንት ምርመራውን ሳትጨርስ ማግኒዚየም ሰልፌት ጀመረችልኝ፤ መጀመሪያ በደም ሥር ቀስ ተደርጎ፣ ከዚያ በሁለቱም መቀመጫዬ በመርፌ። መርፌው ያማል ይላሉ፤ እኔ አላወቅኩትም። የሰጠችኝ መጠን 14 ግራም መሆኑን ወረቀቱ ላይ አንብቤያለሁ።

ስለዚህ መድኃኒት ትንሽ ልበል፤ ሕይወቴ የእሱ ስለሆነ። ማግኒዚየም ሰልፌት ርካሽ ጨው ነው፤ ለረጅም ጊዜ ግን ሐኪሞች በዳያዜፓም፣ በፌኒቶይንና በእሱ መካከል ይከራከሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ የብዙ አገሮች ጥናት ሴቲቱን ደግሞ እንዳይጥላት የሚከላከለው በግልጽ ማግኒዚየም መሆኑን አሳየ። በ2002 ደግሞ በ33 አገሮች ውስጥ 10 ሺህ ያህል ሴቶች የተሳተፉበት ሌላ ጥናት፣ ገና ሳይጥላት ለታመመች ሴት ቢሰጥ አደጋውን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አረጋገጠ። ዛሬ ገጠር ጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ መገኘቱ የዚያ ፍሬ ነው። በጥንቃቄ ይሰጣል፤ ሲበዛ እስትንፋስ ያቆማል። ለዚህ ነው ነርሷ ጉልበቴን በመዶሻ እየመታች፣ እስትንፋሴን እየቆጠረች፣ ሽንቴን እየለካች ያደረችው። ለክፉ ቀን ካልሲየም ግሉኮኔት ጎኗ ነበር።

ወደ ሆስፒታል ሲወስዱኝ በአምቡላንስ ውስጥ አንዴ ደግሞ ጣለኝ። ከደጋው ወደ አርባ ምንጭ ስንወርድ አየሩ እየሞቀ ሲሄድ ባለቤቴ ያን ጊዜ ልጁንም እኔንም እንዳጣ አምኖ ነበር። ነርሷ አብራን ተሳፍራ ስለነበር ግን መርፌው በእጇ ነበር፤ ኦክስጅኑም።

ሆስፒታል ውስጥ ግፊቴን በሃይድራላዚን አወረዱና ልጄን በኦፕራሲዮን አወጡ። በሽታው መሻል የሚጀምረው እንግዴ ልጁ ሲወጣ ነውና ሌላ መንገድ አልነበረም። ቀዶ ያደረገልኝ ሰው ስፔሻሊስት አልነበረም፤ ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የሠለጠነ የጤና መኮንን ነበር። የእኛ አካባቢ በዚህ ረገድ የራሱ ታሪክ አለው። በቀድሞው ጋሞ ጎፋ ዞን የማህፀን ሐኪም እጅግ ጥቂት በነበረበት ዘመን፣ ፕሮፌሰር በርንት ሊንድትዮርን የሚባሉ የኖርዌይ ሐኪም ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ስፔሻሊስት ያልሆኑ ባለሙያዎችን ለድንገተኛ የወሊድ ቀዶ ሕክምና የሚያሠለጥን ሥራ ሠርተዋል። መንግሥትም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በማስተርስ ደረጃ ይህንኑ ሙያ በአገር አቀፍ ደረጃ ማስተማር ጀመረ። «ዶክተር ካልሆነ አይነካኝም» የሚል ሰው ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። ሆዴ ላይ ያለው ጠባሳ የእነዚህ ሰዎች እጅ ነው።

ስነቃ ማታ ይሁን ጠዋት አላወቅኩም። ዓይኔ ጭጋግ ነበረበት። እጄ ወደ ሆዴ ሄደና ሆዴን አጣው። ባለቤቴን «የት ሄደ?» አልኩት ይባላል። «ወልደሻል» አለኝ። አላመንኩትም። ምጥ አላማጥኩም፣ አልጮህኩም፣ ያዋለደችኝን ሴት አላየሁም፤ እንዴት ወለድኩ? እናት ልጇ የወጣበትን ሰዓት አታውቅም ቢሉኝ ከዚያ በፊት አላምንም ነበር። ይህ ነገር ለረጅም ጊዜ ከፍቶኛል። ሰው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሲለኝ የሌላ ሰው ምርቃት የሚቀበል ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። አሁን የሚሰማኝ ሌላ ነው፤ ያንን ሌሊት የያዙልኝ ሰዎች አሉ፤ በየዓመቱ አንድ አዲስ ነገር ይጨምሩልኛል።

ልጄ ሴት ነበረች፣ 1.9 ኪሎ። ቀኗ አልሞላም። ማሞቂያ ክፍል ጥቂት ቆይታ ወደ ደረታችን መጣች፤ ራቁቷን ከዳይፐርና ከቆብ በስተቀር፣ ቆዳ ለቆዳ፣ ጋቢ ተደርቦባት። የካንጋሮ እንክብካቤ ይሉታል። እኔ ቁስሌ ሲያምመኝ ባለቤቴ ሸሚዙን ከፍቶ ያቅፋት ነበር። መጀመሪያ ሌሎቹ አስታማሚዎች ገርሟቸው ያዩት ነበር፤ ከዚያ አንድ ሌላ አባት መጥቶ እንዴት እንደሚያዝ ጠየቀው።

ወደ ቤት ስመለስ ሁለተኛው ፈተና ይጠብቀኝ ነበር፤ ይህንን ማንም አይነግራችሁም፣ እኔ ልንገራችሁ። ሰው ሁሉ የወለደች ሴት ያለፈላት ይመስለዋል። ግፊቱ ግን ከወሊድ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት እንደገና ሊወጣ ይችላል፤ አንዳንድ ሴት የሚጥላት ከወለደች በኋላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ቀን ውስጥ፣ አልፎ አልፎም ከሳምንታት በኋላ። በእኛ አገር ደግሞ አራስ ከፀሐይ ትጠበቃለች፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ቅቤና ገንፎ እየበላች ትቀመጣለች፤ ራሷን ሲያማት ወዲያው ምች መታት ይባላል፣ ዳማከሴው ይመጣል። አራስ ቤት ውስጥ ራሴን ሲያመኝ አማቴ ወደ ጓሮ አልሄዱም። ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ከነግፊት መለኪያዋ ይዘዋት ገቡ። 150 በ100 ነበርኩ። መድኃኒቴ ተስተካከለልኝ።

የእናቴ ታናሽ እህት እኔ ሕፃን ሳለሁ ሞታለች። ድርስ እርጉዝ ነበረች፤ ራሷን አሟት ወድቃ ተንዘፈዘፈችና በማግስቱ ሞተች። ርኩስ መንፈስ ነው ተባለ፤ ስሟ በቤታችን በዝግታ ነበር የሚነሳው። ከሆስፒታል ከተመለስኩ በኋላ እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ፦ ፊትሽ አብጦ ነበር? ዓይንሽን አጭበርብሮሽ ነበር? ከልብሽ ሥር አሞሽ ነበር? ለሁሉም አዎ አልኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያ «እህቴ ጋኔን አልነበረባትም» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የአክስቴ ስም በቤታችን ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይጠራል።

አክስቴ ብቻዋን አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት በቦንኬ ወረዳ ሰዎችን ስለ እህቶቻቸው ጠይቆ ነበር፦ ከእህቶችህ መካከል በእርግዝና፣ በወሊድ ወይም በአራስነት የሞተች አለች ወይ ብሎ። ከመልሱ ተነስቶ የገመተው፣ በ1998 አካባቢ በነበረው ዘመን ከ100 ሺህ ሕያው ወሊድ 1,667 እናቶች ይሞቱ እንደነበር ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ በ2000 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 871 ብሎ ነበር፤ በ2016 ወደ 412 ወርዷል። ቁጥሩ መውረዱ ደስ ይለኛል። ከእያንዳንዱ አኃዝ ጀርባ ግን ስሟ በዝግታ የሚጠራ አንዲት ሴት እንዳለች አውቃለሁ።

ሐኪሞች እናት የምትሞተው በሦስት መዘግየቶች ነው ይላሉ፦ ለመሄድ በመወሰን፣ በመንገድ፣ ደርሶም ሕክምና በማግኘት። የእኛ መንገድ የከፋ ነው፤ ሁሉም የሚያወራው ስለ እሱ ነው። እኔ ግን በራሴ ሕይወት ያየሁት የመጀመሪያው መዘግየት ከሁሉ የረዘመ መሆኑን ነው። ቃሬዛው ላይ የቆየሁት ሰዓታት ነው፤ ምች፣ ጨጓራ፣ ውፍረት እየተባለ ያለፈው ግን ቀናት ነው።

ስለዚህ ወሯ የገባ ሴት ያለችበት ቤት ይህን ይወቅልኝ። ወገብ ይከብዳል፣ ቃር ይነሳል፣ ሽንት ሌሊት ይቀሰቅሳል፣ ሆድ ጠንከር ብሎ መልሶ ይላላል፤ ይህ ሁሉ የተለመደ ነው፣ ያልፋል። የማይለቅ ራስ ምታት ግን ግፊት ሳይለካ ምች አይባል። ከጎድን በታች የሚይዝ ሕመም ግፊት ሳይለካ ጨጓራ አይባል። የፊትና የእጅ እብጠት፣ የዓይን መጭበርበር፣ ደም፣ ያለ ምጥ የፈሰሰ ሽርት ውሃ፣ የሕፃኑ እንቅስቃሴ መቀነስ፣ ትኩሳት፤ ለእነዚህ ነገን መጠበቅ የለም። መለኪያው ክንድ ላይ የሚታሰረው ለጥቂት ደቂቃ ነው፣ አያምም፣ በመንግሥት ጤና ተቋም የወሊድ አገልግሎት በነፃ ነው። አባቶች ደግሞ የአምቡላንሱን ቁጥር በራሳችሁ ስልክ ያዙ፤ ቃሬዛ የሚሸከሙትን ሰዎች ቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ደም የሚለግስ ዘመድ እወቁ፤ እርሻና ገበያ የሚያስቀር ቢሆንም በቀጠሮው ቀን አብራችሁ ሂዱ። በጣለኝ ሰዓት እኔ ስለ ራሴ መናገር አልቻልኩም፤ የተናገረልኝ ባለቤቴ ነው፣ የተናገረውም የክትትል ካርዴ የት እንዳለ ስለሚያውቅ ነው።

ሁለተኛውን ልጄን ሳረግዝ ገና ከሦስተኛው ወር ጀምሮ በሐኪም ትእዛዝ በየቀኑ ትንሽ መጠን ያለው አስፕሪን ዋጥኩ፤ ካልሲየምም ጨመሩልኝ። አንዴ የታመመች ሴት እንደገና የመታመም ዕድሏ ከፍ ያለ ነው፤ አስፕሪኑ በጊዜ ሲጀመር ያንን ይቀንሳል። ወሬ ሲገባ ደግሞ ምጥ አልጠበቅኩም፤ ከቤቴ ወጥቼ ጤና ተቋም ግቢ ውስጥ ባለው የእናቶች ማቆያ ገባሁ። በአገራችን ይህ ሐሳብ የቆየ ነው፤ በጉራጌ አገር ያለው የአጣጥ ሆስፒታል ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ጀምሮ ሩቅ የሚኖሩ እናቶችን ሲያቆይ ኖሯል። የእኛው ማቆያ ቀላል ክፍል ነው፤ አልጋዎች፣ ከጓሮ ማብሰያ፣ የቡና ረከቦት። ከካምባ የመጣች ሴት ነበረች፣ ከገረሴም። አማቴ ቆጮና ጎመን ይዘው አብረውኝ ገቡ። ነርሷ ጠዋት ጠዋት ግፊታችንን ልትለካ ስትመጣ፣ እሳቸው ከምድጃው ተነስተው «የሁላቸውንም ለኪ፣ ሳትዘይ» እያሉ ከአልጋ ወደ አልጋ አብረዋት ይሄዱ ነበር። ልጁ የተወለደው ሌሊት፣ በምጥ፣ በኦፕራሲዮን ሳይሆን በራሴ ጉልበት ነው፤ 3.2 ኪሎ። ሰዓቱን አውቀዋለሁ፤ 9 ሰዓት ከ20 ነበር።